ነጎድጓድን የወለደው ማን ነው?

ክረምት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ዓይን መጀመሪያ ብልጭታውን ያያል፤ ጆሮ ነጎድጓዱን የሚሰማው ቆየት ብሎ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅም ያውቀዋል። ይሁንና በሜዲትራኒያን ዙሪያና በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ሁለት ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የገነነው ትምህርት የዚህ ተገላቢጦሽ ነበር፦ ነጎድጓድ ቀዳሚ፣ መብረቅ ተከታይ። ይህን ስህተት ያጸናው ድንቁርና አይደለም። ብርሃን ከድምፅ ቀድሞ እንደሚደርስ የሚናገር ትክክለኛ ዕውቀት ነው። የመብረቅና የነጎድጓድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ሳይንስ አጉል እምነትን ድል እንደነሣበት ገድል ሆኖ ነው። ማስረጃውን በዘመን ቅደም ተከተል ስንከታተለው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። የጥንት ሰዎች ማሰብ አላቃታቸውም፤ ያጡት መብረቅን በጠረጴዛ ላይ በሚያክል መጠን ሠርተው፣ እንደገናም ሠርተው፣ የሚመረምሩበትን መንገድ ነው። መንገዱ በተገኘ ጊዜ ብልጭታው ቶሎ ተፈታ፤ ድምፁ ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወላጁ ሳይታወቅ ቆየ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 በአቴና የአሪስቶፋኒስ «ደመናት» የተሰኘ ኮሜዲ ለመድረክ በቃ። በተውኔቱ ሶቅራጥስን የወከለው ገጸ ባሕርይ፣ የሚያንጎደጉደው ዜውስ ሳይሆን ውኃ ያዘሉ ደመናዎች እየተላተሙ እንደሆነ ለአንድ ሽማግሌ ያስረዳዋል። ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ በአደባባይ እስኪያስቅ ድረስ የታወቀ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብለው ኤምፔዶክሊስና አናክሳጎራስ እሳት በደመና ውስጥ ይታፈናል ብለው ነበር፤ እሳቱ ሲያበራ መብረቅ ይሆናል፣ በደመናው እርጥበት ቸስ ብሎ ሲጠፋ ድምፁ ነጎድጓድ ይባላል። ስለ እሳቱ ምንጭ የተናገሩት ትክክል ባይሆንም ቅደም ተከተሉን አልሳቱትም። እነርሱን የረታቸው ከሁሉ ይልቅ ጠንቃቃ የነበረው አርስቶትል ነው። በእርሱ ትምህርት ምድር እርጥብና ደረቅ ትነት ታወጣለች። ደመና ሲጠብቅ በውስጡ የታፈነው ደረቅ ትነት ተጨምቆ ይወነጨፍና ከሌላ ደመና ጋር ይላተማል፤ ያ ግጭት ነጎድጓድ ነው። ትነቱ ከግጭቱ በኋላ ሲነድ ደግሞ መብረቅ ይሆናል። ታዲያ ብልጭታው ለምን ቀድሞ ይታያል? ለዚህም መልስ ነበረው፤ ዓይን ከጆሮ ይፈጥናልና። ምሳሌውን የወሰደው ከባሕር ነው፦ ቀዛፊዎች መቅዘፊያውን ከውኃ አውጥተው ወደ ኋላ እየመለሱት ሳለ ነው የመጀመሪያው ምት ድምፅ በሩቅ ለቆመ ሰው የሚደርሰው።

ምሳሌው ግሩም ነው፤ እውነትም ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ሉክሬቲየስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው አንደኛ ክፍለ ዘመን ተመሳሳይ ምሳሌ አቅርቧል፤ ከሩቅ ግንድ የሚቆርጥ ሰው መጥረቢያው ሲያርፍ ይታያል፣ ድምፁ ግን ቆይቶ ይመጣል። ነገር ግን ይህ ማስረጃ የሚያረጋግጠው ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንደሚጓዙ ብቻ ነው፤ ከደመናው መጀመሪያ የተነሣው የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። ነጎድጓድ በእርግጥ የሚቀድም ቢሆን ኖሮ መብረቅ አጠገባችን በወደቀ ጊዜ ድምፁን ቀድመን በሰማን ነበር። በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ምስክር አልተገኘም። ለአርስቶትል የሚከራከር ሰው «ቀደምትነቱ ጆሮ ከማይለየው ቅጽበት ያነሰ ቢሆንስ?» ይል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ድምፅ በሰከንድ ምን ያህል እንደሚጓዝ የለካ ሰው እስካልነበረ ድረስ ይህን ክርክር ማንም ሊረታበት አይችልም ነበር። ትክክለኛው ዕውቀት ቁጥር ስላልነበረው የተሳሳተውን ትምህርት ከፈተና ጋረደው።

በአንደኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በቻይና የኖረው ዋንግ ቾንግ የተጓዘበት መንገድ የተለየ ነው፤ ከዘመኑ ሁሉ ለእውነቱ የቀረበውም እርሱ ይመስለኛል። የአገሩ ሰዎች በመብረቅ የተመታን ሰው ሰማይ ስለ ኃጢአቱ ተቆጥቶ እንደቀጣው ያምኑ ነበር። ዋንግ ቾንግ «ሉንሄንግ» በተባለው መጽሐፉ ነጎድጓድ እሳት መሆኑን የሚያሳዩ ማስረጃዎችን ደረደረ። የተመታው ሰው ፀጉር ይለበለባል፣ ቆዳው ይቃጠላል፣ ሬሳው የቃጠሎ ሽታ አለው፤ ቤትና ሣር በመብረቅ ይነዳል፤ በእሳት የቀላ ድንጋይ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። ከፍተኛ ሙቀት ኃይለኛ ድምፅ እንደሚያስነሣ የተረዳበት ይህ የመጨረሻው ነጥብ ዛሬ የምናውቀውን ለመንካት ጥቂት ነው የቀረው። ለማለፍ ግን ከድንጋዩና ከጉድጓዱ የተሻለ መሣሪያ ይፈልግ ነበር፤ ያ መሣሪያ ሌላ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል አልተሠራም።

በዚያው ዘመን አካባቢ ስለ ሁለቱ ዝምድና የተጻፈ አንድ ሌላ ምስክር አለ፤ እርሱን ለዓለም ያቆየው የኢትዮጵያ ብራና ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአረማይስጥ ቁርጥራጮች የመጽሐፉን ሌሎች ክፍሎች ሲይዙ፣ ስለ መብረቅና ነጎድጓድ ምስጢር የሚናገረው ምዕራፍ 60 ያለበትን ክፍል ግን አልያዙም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 (እንደ ሌሎቹ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር) ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ እስኪመለስ፣ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ እስኪመልሰው ድረስ የምዕራቡ ሊቃውንት ሙሉውን አላነበቡትም። ምዕራፉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ መብረቅና ነጎድጓድ አንድ አይደሉም፣ ነገር ግን አይለያዩም፤ መብረቅ ሲበርቅ ነጎድጓድ ድምፁን ይሰጣል፤ በመካከላቸውም መንፈስ የተመጠነ ዕረፍት ያደርጋል። መጽሐፈ ኩፋሌም በመጀመሪያው ቀን ከተፈጠሩት መካከል የነጎድጓድና የመብረቅ መላእክትን በአንድነት ይጠራል።

ይህን ለዘመናዊ ሳይንስ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ መጽሐፉን የማይናገረውን ማናገር ነው፤ እኔም እንዲህ አልልም። ሄኖክ የሚናገረው ስለ ፍጥረት ሥርዓትና ስለ ሠሪው ነው፤ ስለ አየር ግፊት ምንም አይነግረንም። ነገር ግን «ያው ተረት ነው» ብሎ ማለፍም የዚያኑ ያህል ስህተት ነው። ጸሐፊው ሦስት ነገሮችን አስተውሏል፦ ብልጭታው እንደሚቀድም፣ ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ፣ በመካከላቸው ያለው ጊዜም ዘፈቀደ ሳይሆን ልክ ያለው መሆኑን። ሦስቱም ትክክል ናቸው። አርስቶትል በአንጻሩ ስልት ያለው ማብራሪያ ነበረው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተሳስቷል። ከሁለቱ አንዱ «እንዴት» የሚለውን ጥያቄ ይዟል፣ ሌላው ምልከታውን ጠብቋል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ግን በዚያ ዘመን በማንም እጅ አልነበረም።

የአርስቶትል ትምህርት በዐረብኛ ትርጉም አልፎ ወደ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ገባ። ሬኔ ዴካርት እንኳ በ1637 ባሳተመው የአየር ክስተቶች ጥናቱ ነጎድጓድን ላይኛው ደመና በታችኛው ላይ ሲናድ የሚፈጠር ድምፅ አድርጎ አስረድቷል። የግጭት ሐሳብ የማይሞት ይመስል ነበር። በዚያው ዘመን ግን ፀጥ ያለ ለውጥ ተጀምሯል፤ ሰዎች የድምፅን ፍጥነት በመድፍና በጠመንጃ መለካት ጀመሩ። የጠመንጃው ብልጭታ ሲታይ ቆጠራ ይጀመራል፣ ድምፁ ሲደርስ ይቆማል። ማሪን መርሴንና ፒየር ጋሴንዲ በፈረንሳይ፣ ዊልያም ዴርሃም በ1709 በእንግሊዝ፣ በ1738 ደግሞ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ይህን አደረጉ፤ ውጤታቸውም ዛሬ ከምናውቀው በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እየተቀራረበ ሄደ። ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር በ1676 የብርሃንን ጉዞ ጊዜ ከጁፒተር ጨረቃ ግርዶሽ አስልቶ ስለነበር፣ በምድር ላይ ባለ ርቀት ብርሃን የሚወስደው ጊዜ ከቁጥር እንደማይገባ ታወቀ። በሄኖክ የተጠቀሰው ልክ ያለው ዕረፍት እዚህ ላይ ቁጥር አገኘ፦ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲገባ የአርስቶትል ጋሻ ወደቀ። በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለው ጊዜ ከርቀት ጋር እኩል እያነሰ ሄዶ አጠገብ ሲሆን ከጠፋ፣ ለነጎድጓድ ቀደምትነት የተረፈ ቦታ የለም።

ይህ ሁሉ ግን መብረቅ ምን እንደሆነ አልነገረም። መልሱ የመጣው ሰማይን ከማያይ ሰው እጅ ነው። በ1660ዎቹ ጀርመናዊው ኦቶ ፎን ጌሪኬ የድኝ ኳስ እያሽከረከረ በእጁ ሲያሽ የሚስብ፣ የሚገፋና የሚንጣጣ ኃይል አገኘ። በ1708 ዎል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አንድ ትልቅ የአምበር ቁራጭ በሱፍ ሲያሽ ያየውን ብልጭታና የሰማውን ጠሽታ ከመብረቅና ከነጎድጓድ ጋር አመሳሰለ። በ1745 እና በ1746 ኤቫልድ ፎን ክላይስትና የላይደኑ ፒተር ፋን ሙሸንብሩክ ለየብቻቸው ይህን ኃይል በጠርሙስ ማጠራቀም ቻሉ። የፈረንሳዩ አባ ዣን አንቷን ኖሌ 180 የንጉሥ ዘቦችን እጅ ለእጅ አያይዞ በአንድ ጠርሙስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አዘለላቸው፤ በ1748ም መብረቅ የዚህ ኃይል ትልቁ መልክ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ለዚህ ትረካ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። የጠርሙሱ ብልጭታ ያበራል፣ ይጮኻል፣ ያቃጥላል፣ ሰውን ይመታል፤ ደግሞም ባለሙያው በፈለገው ሰዓት ይደገማል። ዋንግ ቾንግ የጎደለው ይኸው ነበር።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፊላዴልፊያ ሆኖ ኅዳር 1749 ላይ መብረቅና የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚመሳሰሉባቸውን ነጥቦች ዘረዘረ፦ ብርሃኑ፣ ቀለሙ፣ ጠማማ መንገዱ፣ ፍጥነቱ፣ በብረት መተላለፉ፣ ሲፈነዳ የሚያሰማው ድምፅ፣ እንስሳ መግደሉ፣ ብረት ማቅለጡ፣ የድኝ ሽታው። ዝርዝሩ ያበቃው ሙከራ ይደረግ በሚል ጥሪ ነው፤ የሐሳቡ ክብደትም ያለው በዚህ ላይ ነው። ጫፉ የሾለ የብረት ዘንግ ከፍ ባለ ቦታ ከመሬት ተነጥሎ ይተከል፤ ደመናው ኤሌክትሪክ ከያዘ ከዘንጉ ብልጭታ ይወጣል አለ። ጽሑፉ በ1751 ታትሞ ፈረንሳይ ደረሰ። ቶማ ፍራንሷ ዳሊባር በፓሪስ አቅራቢያ በማርሊ ላ ቪል ወደ 13 ሜትር የሚጠጋ ዘንግ አስተከለ። ግንቦት 10 ቀን 1752 ደመናው ሲመጣ ዳሊባር በስፍራው አልነበረም፤ ዘንጉን የሚጠብቀው ኯፊዬ የተባለ ጡረተኛ ወታደር ሽቦ ወደ ዘንጉ አስጠግቶ ብልጭታና የጠሽታ ድምፅ አወጣ። የሰፈሩ ቄስ ሮሌ በበረዶ ዝናብ ሲሮጡ ያየ ሕዝብ ወታደሩ የሞተ መስሎት ተከተላቸው። ቄሱ ግን በገዛ እጃቸው ሙከራውን ደገሙት፤ ከዘንጉ በወጣው ኃይልም ክንዳቸው ላይ ሰንበር ቀረ። የደመና ኤሌክትሪክና የጠርሙስ ኤሌክትሪክ አንድ መሆኑ ያን ዕለት ታየ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን የፍራንክሊንን ካይት ነው። የደመናውን ኤሌክትሪክ ለመያዝ ካይቱን በሰኔ 1752 እንዳበረረ ይነገራል፤ ራሱ የጻፈው አጭር ማስታወቂያ በጥቅምት ወጣ፣ ዝርዝሩ ግን የታተመው በ1767 በጆሴፍ ፕሪስትሊ መጽሐፍ ነው። ከዚህ የተነሣ ነገሩን የሚጠራጠሩ የታሪክ ተመራማሪዎች አሉ። ጥርጣሬያቸው ትክክል ቢሆን እንኳ ክርክሩ አይናጋም፤ የማርሊው ሙከራ ምስክሮችና ለፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ የቀረበ ዘገባ አሉት፣ በአውሮፓ ብዙ ቦታም ተደግሟል። መታረም ያለበት ካይቱ በመብረቅ ተመታ የሚለው ሥዕል ነው፤ ተመትቶ ቢሆን ፍራንክሊን ለመናገር አይተርፍም ነበር። ያገኘው በደመናው ተጽእኖ በክሩ ላይ የተጠራቀመውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። የእውነተኛው ምት ዋጋ በሚቀጥለው ዓመት ታየ። በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ አባል የነበረው ጌኦርግ ቪልሄልም ሪክማን ነሐሴ 6 ቀን 1753 ነጎድጓድ ሰምቶ ከስብሰባ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ወደ መለኪያው ሲጎነበስ ከዘንጉ የወጣ የእሳት ኳስ ግንባሩን መታውና ወዲያው ሞተ። አብሮት የነበረው ቀራጺ ሶኮሎቭ ስለተረፈ የሆነውን መመስከር ቻለ። የሪክማን ዘንግ ከመሬት የተነጠለ ነበር፤ መብረቁ መውጫ ሲያጣ ያገኘው መንገድ የእርሱ ሰውነት ነው።

በዚህ ጊዜ ተቃውሞ ተነሣ፤ ከንቱም አልነበረም። ኖሌ ራሱ ከፍ ያለ ብረት መብረቅን ወደ ቤት ይጠራል ብሎ ተከራከረ፤ የሪክማን አሟሟት ለእርሱ ማስረጃ መሰለ። በፈረንሳይ ሳን ቶሜር ከተማ አንድ የሕግ ሰው በጣሪያው ላይ ዘንግ ቢተክል ጎረቤቶቹ ከሰሱት፤ ፍርድ ቤትም አስነቀለው። ይግባኙ በ1783 በአራስ ከተማ ሲታይ ዘንጉን ተከራክሮ ያስመለሰው ያኔ ወጣት ጠበቃ የነበረው ማክሲሚሊያን ሮቤስፒየር ነው። ለኖሌ የተሰጠው መልስ ዘንጉ መብረቅን ባይከለክልም በወፍራም ሽቦ ወደ መሬት ከተያያዘ ሕንፃውን ሳይነካ ያሳልፈዋል የሚል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ልምድ ይህን አጽንቷል። ሌላው ተቃውሞ የእግዚአብሔርን መሣሪያ መመከት ድፍረት ነው የሚል ነው። ዛሬም በብዙ አገር የሚሰማ ስለሆነ ሊከበርና ሊመለስለት ይገባል። ታሪኩ ራሱ ይመልሳል፦ በማርሊ ሙከራውን የደገሙት ቄስ ነበሩ፣ ብልጭታውን ከመብረቅ ጋር ያነጻጸረው ኖሌም የቤተ ክህነት ሰው ነው። በአውሮፓ ነጎድጓድን ለመበተን በማዕበል መካከል ደወል የመደወል ልማድ ነበር፤ ደወሉ ከፍ ባለው ማማ ውስጥ ነው፣ ገመዱም በዝናብ ይርሳል፤ ስንት ደዋይ በዚያ ተቀሰፈ። እነዚያን ሰዎች ለማዳን የተተከለ ዘንግ ከእምነት ጋር የሚጣላ ነገር የለውም።

የሚገርመው ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ነጎድጓድ የተረሳ መሆኑ ነው። መብረቅ ኤሌክትሪክ ነው ከተባለ በኋላ ብዙዎች ጥያቄው ያለቀ መሰላቸው፤ ብልጭታ ሲዘል ይጮኻል፣ መብረቅ ትልቅ ብልጭታ ነው፣ ስለዚህ በኃይል ይጮኻል። ይህ መልስ ጥያቄውን ወደ ጠረጴዛው ማውረድ ነው እንጂ መመለስ አይደለም፤ ትንሹስ ብልጭታ ለምን ይጮኻል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀረቡት ግምቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዳንዶች መብረቁ በአየር ውስጥ ባዶ ቦታ ይከፍትና አየሩ ተመልሶ ሲዘጋው ይጮኻል አሉ፤ ሌሎች በመንገዱ ያለው ውኃ ድንገት ተኖ ይፈነዳል አሉ፤ ውኃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተበትኖ እንደገና ሲዋሃድ ይፈነዳል ያሉም ነበሩ። በ1888 የአልዛሱ ተወላጅ ጉስታቭ አዶልፍ ሂርን ቀላሉን መልስ ጻፈ፦ ብልጭታው ያለፈበት አየር በድንገት እጅግ ይግላል፣ ሲግል ይሰፋል፣ መስፋቱ በዙሪያው ያለውን አየር ይገፋል፤ ነጎድጓድ ያ ግፊት ነው። የዛሬው ማብራሪያ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሂርንን በቁጥር ለማጽናት መብረቁን ራሱን በጊዜ ከፋፍሎ ማየት ያስፈልግ ነበር፤ ይህ የተደረገው በአፍሪካ ነው። በደቡብ አፍሪካ ባሲል ሾንላንድና ባልደረቦቹ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ቦይስ በፈለሰፈው ባለ ተንቀሳቃሽ ሌንስ ካሜራ የጆሃንስበርግ አካባቢን ማዕበል አነሡ። ዓይን እንደ አንድ የሚያየው መብረቅ ሁለት ጉዞ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ደብዛዛ መንገድ ጠራጊ ከደመናው 50 ሜትር ያህል እየዘለለ፣ በየዝላዩ በሰከንድ ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ጊዜ እያረፈ ይወርዳል። መሬት ሊነካ ሲል ከታች የሚነሣ ብልጭታ ይቀበለዋል፤ ከዚያ ደማቁ ብርሃን በተጠረገው መንገድ ከታች ወደ ላይ ከብርሃን ፍጥነት ሲሶ በሚያክል ፍጥነት ይወጣል። ኃይለኛው ጅረት በአማካይ 30,000 አምፔር ገደማ ሲሆን የሚያልፈው ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር በሆነ ቀጭን መስመር ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ የብርሃኑን ቀለማት በመተንተን እንደታወቀው የዚያ መስመር ሙቀት 30,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይደርሳል፤ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ነው። አየሩ ለመስፋት ጊዜ ሳያገኝ ስለሚግል ግፊቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይንርና የግፊት ማዕበል ሆኖ ይፈነዳል፤ ማዕበሉ ጥቂት ሜትር ከተጓዘ በኋላ ተራ ድምፅ ይሆናል።

ደመናው ኤሌክትሪኩን ከየት እንደሚያገኝ የተደረገው ክርክርም ረዥም ነው። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ዊልሰን የደመናው አናት አወንታዊ፣ ታቹ አሉታዊ ቻርጅ አለው ሲል፣ ጆርጅ ሲምሰን ተቃራኒውን ይል ነበር። በ1937 ሲምሰንና ስክሬዝ በባሉን መለኪያ ልከው ባገኙት ውጤት ዊልሰን በዋናው ነገር ትክክል መሆኑ ታየ፤ ሲምሰን የጠቀሰው አወንታዊ ቻርጅም ከሥር በጥቂቱ ተገኘ። ቻርጁን ለይቶ የሚያስቀምጠው በረዶ ነው። ወደ ላይ በሚነፍሰው ሞቃት አየር ደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች ሲወጡ፣ ከበድ ያሉ ጠጠር መሰል በረዶዎች ደግሞ ሲወርዱ ይጋጫሉ። ጃፓናዊው ታካሃሺ በ1978 በቤተ ሙከራ እንዳሳየው፣ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ያልረጋ ውኃ ባለበት ደመና ውስጥ ይህ ግጭት ቻርጅ ያለዋውጣል፤ ብዙውን ጊዜ ቅንጣቱ አወንታዊውን ይዞ ወደ አናት ይወጣል፣ ጠጠሩ አሉታዊውን ይዞ ከመካከል ይቀራል። አርስቶትልና ዴካርት ግጭት ማለታቸው እንግዲህ ፈጽሞ ባዶ አልነበረም፤ የሚጋጨው ግን ደመና ከደመና ሳይሆን በረዶ ከበረዶ ነው፣ የሚወልደውም ድምፁን ሳይሆን ብልጭታውን ነው።

አንድ ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሣል፦ ሁለቱ የማይነጣጠሉ ከሆነ፣ ሌሊት ከአድማስ ወዲያ ብልጭ ብሎ ድምፅ የማያሰማው መብረቅ ምንድን ነው? እርሱም ነጎድጓድ አለው። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ስለሚቀዘቅዝ፣ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ድምፅ ስለሚዘገይ፣ የነጎድጓዱ መንገድ ወደ ላይ እየታጠፈ ከጆሯችን በላይ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ነጎድጓድ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ካለው ርቀት በላይ እምብዛም አይሰማም፤ ብርሃኑ ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይታያል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለገበሬም ለእረኛም የሕይወት ጉዳይ ነው፦ ነጎድጓድ የሚሰማ ሰው ቀጣዩ መብረቅ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ባይጀምርም ከዛፍ ሥርና ከገላጣ ሜዳ ወጥቶ ወደ ጠንካራ ቤት መግባት አለበት። የድምፁ ማጉረምረምም በዚሁ ይፈታል። መብረቁ ብዙ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውና የተጠማዘዘ ስለሆነ፣ የቅርቡ ክፍል ድምፅ ቀድሞ በስንጥቅታ ይደርሳል፣ የሩቁ እየተከታተለ ያጉረመርማል። በ2014 በፍሎሪዳ ማኸር ዳየህና ባልደረቦቹ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በያዘ ሮኬት መብረቅን ወደ ተመረጠ ቦታ ጠርተው፣ በ15 ማይክሮፎኖች የድምፁን ምስል ሠሩ፤ ነጎድጓዱ ኃይለኛው ጅረት ካለፈበት መስመር እንደተነሣ በምስል ታየ።

አሁን ያልተፈታው የመጀመሪያዋ ቅጽበት ናት። በባሕር ወለል ከፍታ ደረቅ አየር እንዲበጠስ በአንድ ሜትር ሦስት ሚሊዮን ቮልት ያህል ያስፈልጋል፤ በደመና ውስጥ የተለካው ኃይል ግን፣ የከፍታውን ስስ አየር ከግምት አስገብተን እንኳ፣ ከሚያስፈልገው ብዙ ያንሳል። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ጉሬቪች በ1992 ከህዋ የሚመጣ ጨረር የሚያስፈነጥራቸው ፈጣን ኤሌክትሮኖች መንገዱን ይከፍታሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሌሎች ደግሞ በበረዶ ቅንጣቶች ጫፍ ላይ ኃይሉ ተጠራቅሞ የመጀመሪያውን ብልጭታ እንደሚያስነሣ ይከራከራሉ። በኔዘርላንድስ ያለው ሎፋር የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ መብረቅ በደመና ውስጥ ሲያድግ በሜትር ደረጃ እየተከታተለ ይህን ለመለየት እየሠራ ነው። የላይደን ጠርሙስ እዚህ ላይ ሊረዳን አይችልም። በጠረጴዛው ላይ ብልጭታ የሚነሣው ከብረት ጫፍ ነው፤ ብረቱ ኃይሉን ስለሚሰበስብ የመነሻው ጥያቄ ፈጽሞ አይታይም ነበር። ደመና ውስጥ ብረት የለም።